እበቱ ለምድጃ፣ ሽንቱ ለክምር

ጥቅምት ሲገባ

ክረምቱ ወጣ፤ ግቢው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ብስባሽ (ኮምፖስት) ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ሰሞን የለም። አረሙ ለምለም ነው፣ አፈሩ እርጥበት ይዟል፣ ቧንቧውም ገና መሰሰት አልጀመረም። ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ልነሳ ብል ግማሹ ሥራ ውኃ መሸከም ይሆንብኛል።

ቦታው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። የወላጆቼ ግቢ ከፍ ባለው ሰፈር ስለሆነ ጓሮው ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ከሥሩ ጭንጫ። ዝናብ ሲመጣ ውኃው ሳይሰርግ ይወርዳል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እርጥበቱ ወዲያው ይጠፋል። ጎመንና ቃሪያ እንተክላለን። የጎመኑ የታች ቅጠል ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ ቃሪያው አበባውን ያረግፋል። ዩሪያ ጣል ሲደረግበት ለጊዜው ያምርበታል፤ ውኃ የማይዝ አፈር ግን የተሰጠውንም አይዝም፣ የሚቀጥለው ዶፍ ጠርጎት ይሄዳል። ወደ ብስባሽ ያዞረኝ ይኸው ነው።

ያለን ሀብት ሁለት ላሞች ከነጥጃቸው፣ ጥቂት ፍየሎችና የእናቴ ዶሮዎች ናቸው። ለክምሩ የመረጥኩት ከብሳናው ሥር ያለውን ጥላ ነው። ከበረቱ ቅርብ ነው፣ ከጣራው ጠፈጠፍ የራቀ ነው፣ ከበላዩ ትንሽ ቦይ ከተቀደደለት ጎርፍ አያገኘውም። ጉድጓድ ይሻላል ወይስ ከመሬት በላይ መከመር የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። የእኔ አስተያየት፦ በበጋ ጉድጓድ እርጥበት ይቆጥባል፤ ክረምት የሚያገኘው ጉድጓድ ግን ውኃ ይቋጥርና ይገማል። ስለዚህ ጉልበት የማይደርስ ጥልቀት ብቻ ቆፍሬ የቀረውን ወደ ላይ አነሳዋለሁ።

እበቱ የማን ነው?

ጥቅምት ፀሐዩ ሲመለስ እናቴ ኩበት መጠፍጠፍ ትጀምራለች። ጠዋት በረቱ ይጠረጋል፣ እበቱ ከገለባ ጉድፍ ጋር ይለወሳል፣ ከዚያ በመዳፏ እያድበለበለች ከድንጋዩ ካብ ላይ ትለጥፈዋለች። የጣቶቿ አሻራ አብሮ ይደርቃል። ባልዲ ይዤ አጠገቧ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ዘንድሮ እበቱን ለእኔ ብትተይልኝስ?»

«ምን ልታረገው?»

«ብስባሽ ልሠራበት፤ ለጎመኑ።»

«ይሁን። እንጀራውንም በብስባሽ ትጋግርልኛለሃ!»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። በወሎ ደጋ ዛፉ ከሳሳ ቆይቷል፤ ኩበት ከቤት ማገዶነት አልፎ ገበያ የሚወጣ ሸቀጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን፣ ግን መብራቱ ሊጡ ኩፍ ባለ ሰዓት መጥፋት ያውቅበታል። ኮምፖስት የሚያስተምሩ ሰዎች «እበት ጨምሩ» ብለው በአንድ ቃል በሚያልፉት ቦታ ላይ ነው የብዙ ቤት ክርክር የሚጀመረው። ክምር ውስጥ የገባ እበት ሁሉ ከምድጃ የተወሰደ ነው።

ማታ እራት ላይ ነገሩን አነሳሁት። ኩበት ሲነድ የሚጠፋው ምኑ ነው? ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ አፈሩን የሚያለሰልሰው ነገርም አብሮ ይቃጠላል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አመዱ ወደ ጓሮ ከተመለሰ ምድጃው ሁሉንም አልበላም ማለት ነው። የሚጎድለው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ደግሞ ከእበቱ ሌላ ማንም የማይፈልገው ቦታ አለ። ላም ከምታስወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ የሚወጣው በሽንቷ ነው። ያንን ማንም አይጠፈጥፈውም፣ ማንም አይሸጠውም። በረቱ ወለል ላይ ፈሶ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ጠዋት ጠዋት አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን እሱ ነው።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ጠንካራው እበት የእናቴ፤ ሽንቱ፣ ሽንት የጠጣው ጉዝጓዝና አመዱ የእኔ። ለመነሻ የሚሆን ትኩስ እበት በየጊዜው አንድ ባልዲ ይፈቀድልኛል፤ «ባልዲው ትልቁ አይደለም» ተብያለሁ።

በረቱን ማንጠፍ

ሽንትን ለመያዝ የሚጠጣ ነገር ያስፈልጋል። የጤፍ ጭድ ጥሩ ነበር፣ ግን ጭድ ላሞቹ የሚበሉት ነው፤ ከብት ሥር ማንጠፍ ገንዘብ ማንጠፍ ነው። የተጠቀምኩት ሌላ ነው፦ ላሞቹ ቅጠሉን ልሰው የሚተዉት የማሽላ አገዳ፣ ከአጥር ሥር የተጠረገ ደረቅ ቅጠል፣ ከጣውላ ቤት ደግሞ ሰጋቱራ። የጣውላ ቤቱ ሰዎች ሰጋቱራውን የሚያራግፉበት አጥተው ጆንያውን ራሳቸው አሸከሙኝ።

ሰጋቱራ ሽንትን በመጠጣት የሚያህለው የለም፤ ግን ከልክ ካለፈ ክምሩን ያቀዘቅዘዋል። ብስባሹን የሚሠሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ምግባቸው ካርቦንና ናይትሮጅን ነው፤ የሚመቻቸው ምጣኔ ካርቦን ከ25 እስከ 30፣ ለ1 ናይትሮጅን ነው። የላም እበት 20 ለ1 አካባቢ ነው፣ የዶሮ ኩስ ወደ 10 ለ1 ይወርዳል፣ ሰጋቱራ ግን ከ200 ለ1 በላይ ነው። ስለዚህ በረቱ ላይ በስሱ ይነሰነሳል፣ ሲረጥብ ይነሳል፣ በዶሮ ኩስና በለምለም አረም ይካካሳል። በረቱ ወለል ላይ ያለው የድንጋይ ንጣፍ ትንሽ ዘንበል ስለሚል በዝቅተኛው ጫፍ ጎድጎድ ያለ ቦታ አበጅቼ ሰጋቱራ ሞላሁበት። ሌሊቱን የወረደው ሽንት እዚያ ይጠራቀማል። ጠዋት በአካፋ እየዛቅኩ ጥላ ሥር አኖረዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ልፋቴ ሁሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

የበረቱ ሽታ በሳምንት ውስጥ ሲቀንስ እናቴ ምንም አላለችም፤ ብቻ ሰጋቱራው ሲያልቅ «ያ የጣውላ ቤት ነገር የለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ከወጥ ቤት ምን ይገኛል?

እውነቱን ለመናገር ብዙ አይገኝም። የከተማ ሰው ስለ ወጥ ቤት ትራፊ ሲጽፍ ባልዲ ሙሉ ይመስለዋል። እኛ ቤት የድንች ልጣጭ ለላም ነው፣ የጎመን ውጫዊ ቅጠል ለፍየል ነው፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ለዶሮ ነው፣ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። ከብቱ ካየ በኋላ ለክምሩ የሚቀረው የቡና አተላ፣ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የበርበሬ እጀታ፣ የሻገተ ነገር ነው። ሽንኩርት ሲበዛ ለላም ደም ጥሩ ስላልሆነ ልጣጩ ያለ ክርክር ለእኔ ነው። የቡና አተላ ደግሞ ወርቅ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ በየጊዜው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል፣ ከሁሉ የማይቋረጥ እሱ ነው።

የቀረውን ከውጭ አሟላሁ። አስፋልቱ ዳር ያለ ጁስ ቤት የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ በጆንያ ይሰጠኛል። የአቮካዶ ፍሬ እንዳይቀላቅሉብኝ ለምኛለሁ፤ ዓመት ቢቀመጥ እንኳ አይበሰብስም፣ ይልቅ ይበቅላል። ፌስታልና የጁስ መምጠጫ ፕላስቲክ መልቀም ግን የየቀኑ ዕጣዬ ሆኗል።

ጎረቤታችን ሼሁ ቤት ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ሲኖር በነጋታው ገረባ (የጫት ትራፊ) እና የቡና አተላ ይጠብቀኛል። «አብሽር ልጄ፣ ገረባ በዚህ ቤት ምን ይጠፋል!» አሉኝ። ገረባውን መጀመሪያ ፍየሎቹ ያዩታል፤ ቅጠሉን ለቅመው እንጨቱን ይተዉልኛል፣ በጠጣቸውን ደግሞ ይጨምሩበታል። እንጨቱን በገጀራ አሳጥሬ ነው የማስገባው። መድኃኒት የተረጨ ጫት መሆኑን ካወቅኩ ግን አልቀበልም፤ ጓሮው ውስጥ የሚበላ ነገር ነው የሚተከለው።

ቅንጬ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አጥሩን ተከትሎ የበቀለው ቅንጬ የሚባለው አረም አበባ ሊያወጣ ነው። ከእርዳታ እህል ጋር እንደመጣ የሚታመን ይህ አረም ዛሬ ወሎ ውስጥ ያልደረሰበት የመንገድ ዳር የለም። ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል፣ እጅ ያሳክካል፣ ዘሩ በሺህ ይቆጠራል። አንዳንዱ ሰው ክምር ውስጥ መግባቱን ሲሰማ ይደነግጣል። ሳያብብ ከተነቀለ ግን ለምለም ቅጠሉ ጥሩ የናይትሮጅን ምንጭ ነው። ጓንት አድርጌ፣ አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ነቀልኩት። አበባ የያዘውን ለይቼ ፀሐይ ላይ አድርቄ ለምድጃ ሰጠሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ከናካቴው አላስገባም፤ ዘይቱ መበስበስን ያዘገያል።

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ከፈጀው ወዲህ በዚህ ቀን ግቢ ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል። ሰፈሩ ከማለዳ ጀምሮ በጭስ ይሸፈናል። እኔ ከትናንት ማታ ጀምሮ በየደጁ ጆንያ ይዤ ዞርኩ፤ የተጠረገው ደረቅ ቅጠል ሳይነድ ልደርስበት። አንዳንዱ ሳቀብኝ፣ አንዳንዱ «ሁሉንም እንዳትወስድ፣ ለማጠን ያህል ተውልን» አለኝ። ተውኩላቸው። የተገኘው ቅጠል ለክምሩ የሚበቃውን ደረቅ ነገር ሞላልኝ። ፕላስቲኩን ከቅጠሉ ጋር ማቃጠል ግን መቅረት ያለበት ነገር ነው፤ እሱ ጭስ በሽታ ያመጣል እንጂ አያባርርም።

ክምሩ ተሠራ

እስካሁን የነበረው መሰብሰብ ነው። ክምር በጥቂት በጥቂቱ ሲጠራቀም አይሞቅም፤ ሙቀት የሚይዘው ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሲሆን ነው። ስለዚህ ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ በአንድ ቀን ነው የሚነሳው።

ከታች ወፍራም የማሽላ አገዳ አነባብሬ ዘረጋሁ፤ አየር ከሥር እንዲገባ። ከዚያ እየደረብኩ ሄድኩ፦ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ቅጠልና የተከተፈ አገዳ፣ በላዩ አረምና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ በላዩ ከበረቱ የመጣው ሽንት የጠጣ ጉዝጓዝ፣ ከዚያ እፍኝ አፈር። ከባለፈው ዓመት የጓሮ ጥግ የተገኘ ጥቁር አፈር ነው፤ ሥራ የለመዱት ተሕዋስያን ስላሉበት። እናቴ የፈቀደችልኝን እበት በውኃ በጥብጬ በየድርቡ ረጨሁት፤ ለሊጥ እርሾ እንደሚደረገው ነው፣ ብዛቱ አይደለም ቁም ነገሩ። እንዲህ ደራርቦ መከመሩን አልበርት ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የእርሻ ባለሙያ ከ1924 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ኢንዶር ላይ ከሕንድ ገበሬዎች ልምድ ተነስቶ ሥርዓት አስይዞታል። እሱም የበረቱን ጉዝጓዝና ሽንት የጠጣ አፈር አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ እዚያም እበት ለማገዶ የሚሄድ ነገር ነውና።

አመድ በጣም በስሱ ነው የሚነሰነሰው። ሲበዛ አሞኒያውን ያስነሳዋል፤ በረቱ ላይ ለማስቀረት የለፋሁበትን ናይትሮጅን እዚህ መልቀቅ አልፈልግም። ከጠቅላላው አመድ አብዛኛውን በጆንያ አቆይቼ በኋላ በቀጥታ ለጓሮው አደርገዋለሁ።

እርጥበቱን የምለካው በእጅ ነው። ከመሐል እፍኝ ወስዶ መጭመቅ፤ መዳፍ ከረጠበ፣ ጠብታ ግን ካልወረደ ልኩ ነው። ከፍራፍሬው ልጣጭ ጎን ያለው እርጥብ፣ የቅጠሉ ድርብ ግን ገና ደረቅ ነበር፤ ደረቅ ቅጠል ውኃ ሲፈስበት አሽቀንጥሮ ይጥላል እንጂ ወዲያው አይጠጣም። እያገላበጥኩ በእጣቢ አራስኩት፤ ሳሙና ያልነካውን፣ የጤፍና የሩዝ ማጠቢያውን። በመጨረሻ መሐሉ ላይ ፌሮ ብረት ሰካሁበት። ላዩን በአሮጌ ሣርና በአፈር ሸፈንኩ፣ ዙሪያውን በግራር እሾህ አጠርኩ፤ ይህ ለዶሮዎቹ ነው። ዶሮ ክምር ላይ ከወጣች በአንድ ጠዋት ሜዳ ታደርገዋለች።

ፌሮው ምን አለ?

በማግስቱ ፌሮው ለብ ብሏል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሙቀቱ ጨመረ፤ ነቅዬ ስይዘው ለአፍታ ብቻ ነው መዳፍ የሚችለው። ቴርሞሜትር የለኝም፤ ግን ብረቱን ጨብጦ መቆየት ካልተቻለ ከ55 ዲግሪ በላይ ነው ብሎ መውሰድ ይቻላል። የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያን የሚሞቱት እዚያ ላይ ነው። ከ70 ካለፈ ደግሞ ብስባሹን የሚሠሩት ተሕዋስያን ራሳቸው ይሞታሉ። ጠዋት ብርድ ሲሆን ከጫፉ እንፋሎት ይወጣል፤ እናቴ «የእኔ ምድጃ እንኳ እንዲህ አይጨስም» አለች።

ፌሮው ሌላም ይናገራል። ተነቅሎ ደረቅ ከሆነ ውኃ ጠምቶታል፤ እርጥብና ሙቅ ከሆነ ደህና ነው፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ሆኖ ከገማ አየር አጥቷል። እኛ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነበር፦ ሰንፋጭ የሽንት ሽታ። የዶሮ ኩስ የበዛበት ጎን ነው። አሞኒያ መሽተቱ ናይትሮጅን ተርፎ እየሄደ ነው ማለት ነው። ያንን ጎን ከፍቼ የተከተፈ አገዳና ትንሽ ሰጋቱራ ቀላቀልኩበት፤ በማግስቱ ሽታው ጠፋ።

ታኅሣሥና ጥር

ማገላበጥ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ብዙ የሚጻፍለት የለም። ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ከሥር ወደ ላይ፣ ከዳር ወደ መሐል ይገለበጣል፣ የደረቀው ይርሳል፣ እንደገና ይሞቃል። ውስጡን ስከፍተው አገዳው ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። የሚያስደነግጥ ሻጋታ አይደለም፤ ጠንካራውን ነገር የሚያፈርሱት ተሕዋስያን ናቸው። በጣም ከነጣ ግን ድርቀት ነው።

ውኃው ነው የፈተነኝ። ቧንቧ በፈረቃ ነው፣ የጥር ነፋስ ደግሞ ላዩን ወዲያው ያደርቀዋል። ጉንዳን ክምሩ ውስጥ ቤት ሲሠራ የድርቀት ምልክት ነው፤ አንድ ጠዋት ተሰልፈው ሲገቡ ሳይ ከላሞቹ መጠጫ የተረፈውን ሁሉ አፈሰስኩበት። ሽፋኑን በሙዝ ቅጠል ካወፈርኩት በኋላ እርጥበቱን ያዘ።

በገና ሰሞን ጅብ መጣ። አጥንት ውስጥ የለም፤ ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ከመጀመሪያው ከልክያለሁ። ግን የታረደው በግ ፈርስ አጠገቡ ተደፍቶ አድሮ ኖሮ፣ ሌሊቱን እሾሁን ገልጦ ግማሹን ቧጥጦታል። ፈርስ ራሱ ለክምር መልካም ነው፤ ግን ወዲያው መሐል ተቀብሮ በአፈር ካልተሸፈነ ሰፈር ውስጥ ጅብ መጥራት ይሆናል። ለጥምቀት የታረደውን በዚያው ቀን ቀበርኩት፤ ማንም አልመጣም።

የካቲት

ክምሩ ወርዶ ከግማሽ በታች ሆኗል። ከተገለበጠ በኋላም አይሞቅም። ልጣጩ፣ ቅጠሉ፣ ጉዝጓዙ አይለይም፤ ሁሉም ጥቁር ቡናማ ሆኖ የደን አፈር ይሸታል። የሚታወቁት የእንቁላል ቅርፊት፣ የገረባ እንጨትና አንድ የብርቱካን ልጣጭ ናቸው። ብርቱካኑ የጁስ ቤቱ ሥራ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚበሰብስ። ከውስጡ የወጡትን ነጫጭ የጢንዚዛ ትሎች ዶሮዎቹ ጨረሷቸው፤ በዚህ ሰሞን አጥሩን ከፍቼላቸዋለሁ።

ረመዳን ስለገባ ከሼሁ ቤት የሚመጣው ባልዲ ጨምሯል፤ የሾርባው ካሮትና የድንች ልጣጭ፣ የቴምር ፍሬ። ወደዚህ ክምር ግን አዲስ ነገር አይገባም። ሊያልቅ የተቃረበ ክምር ላይ ትኩስ ልጣጭ መጨመር ሥራውን ከመጀመሪያ ማስጀመር ነው። ለሚቀጥለው ጎኑ ላይ ሌላ መሰብሰቢያ ጀመርኩ።

ፌጦው

ብስባሽ በዓይን ያለቀ መስሎ ሳያልቅ ሊቀር ይችላል። ያልበሰለ ብስባሽ ሥር ላይ ሲደረግ ከተክሉ ናይትሮጅን ይሻማል፣ አሞኒያውና አሲዱ ሥር ያቃጥላል። የማውቃቸው ሁለት ፈተናዎች አሉ፣ ሁለቱም ወጪ የላቸውም።

አንደኛው የፌስታል ነው። እርጥብ ብስባሽ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ጥቂት ቀን ይቀመጣል። ሲፈታ የአፈር ሽታ ካለው በስሏል፤ ከገማ ወይም ከሰነፈጠ ገና ነው። የእኛው የአፈር ሽታ ሰጠ።

ሁለተኛው ፌጦ ነው፤ እኔ የማምነው ይህኛውን ነው። ፌጦ ለማንኛውም ሕመም ተብሎ በየቤቱ ይቀመጣል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይበቅላል፣ ሥሩም መርዝ ቶሎ ያሳያል። ሥራቸው የተበሳ የሳልሳ ጣሳዎች ወስጄ በአንዱ የጓሮ አፈር፣ በሌላው ብስባሽና አፈር እኩል የተቀላቀለበት፣ በሦስተኛው ከክምሩ ዳር የተወሰደ፣ ብዙ ያልሞቀውን ብስባሽ ሞላሁ። በየጣሳው እኩል ፌጦ ዘርቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳቸው።

በአፈሩ ጣሳ በቀለ፣ ቀጭንና ፈዘዝ ያለ ነው። በቅልቅሉ ጣሳ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ፤ አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ነጭ፣ ጸጉሩ የተንዠረገገ። በሦስተኛው ግን ከዘሩ ጥቂቱ ብቻ ነው የወጣው፤ የሥሩ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ቆሟል። መሐሉ በስሎ ዳሩ ጥሬ መቅረቱን ያሳየኝ ይህ ነው። የዳሩን ለይቼ ወደ አዲሱ መሰብሰቢያ መለስኩት፤ የመሐሉን ብቻ በሽቦ ወንፊት፣ አሸዋ በሚነፋበት፣ ነፋሁት። እናቴ የበቀለውን ፌጦ ሰላጣ ላይ ነሰነሰችው።

መጋቢት

የበልጉ ዝናብ ሊጥል ነው ብለን ጓሮውን በመደብ ከፈልነው። ብስባሹ በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ተነስንሶ ከላዩ አፈር ጋር ተደባለቀ። በጥልቀት መቅበር አያስፈልግም፤ ሥር የሚሠራው ላይኛው ስንዝር ላይ ነው። አንድ መደብ ያለ ምንም ተውኩ፣ ለማነጻጸር።

ሒሳቡን በግልጽ መናገር ይሻላል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ደህና የሆነ ደረቅ ብስባሽ አንድ ኩንታሉ 1 ወይም 1 ተኩል ኪሎ ቢይዝ ነው፤ እሱም በአንድ ወቅት ሁሉንም አይለቅም። ስለዚህ ብስባሽ ዩሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል ብሎ ሩቅ ያለ የጤፍ ማሳ ድረስ በአህያ የሚያስጭነው ሰው ገበሬውንም አህያውንም ያደክማል። ለጓሮ፣ ለችግኝ ጉድጓድ፣ ቅርብ ላለ የአትክልት መሬት ግን የሚያህለው የለም፤ ዩሪያ የማይሰጠውን፣ ውኃ መያዝን ይሰጣል።

ሚያዝያ

የበልጉ ዝናብ ጥሎ ከቆመ በኋላ ልዩነቱ የታየው ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ ነው። ያለ ብስባሽ የተተወው መደብ ላዩ ጠጥሮ ተሰነጣጠቀ። የብስባሹ መደብ ላይ ጣቴን ስሰድ ይገባል፣ ከሥሩ አሁንም ይረጥባል። ጎመኑ እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው በልጦ የታየው። ቃሪያው ላይ ገና ምንም አልልም፤ ትናንት ማበብ ጀመረ፣ የሚያረግፍ ከሆነ በዚህ ሳምንት ይታያል።

እናቴ ጎመኑን ካየች በኋላ የባልዲውን ጉዳይ ራሷ አነሳች። «አሁን አይሆንም፤ ክረምት ሳይገባ ኩበቱ ካብ መሙላት አለበት። ከመስከረም በኋላ ትልቁን ባልዲ ውሰድ» አለች። ትክክል ናት፤ ዝናብ ከገባ በኋላ እበት አይደርቅም። እስከዚያ አዲሱ ክምር በበረቱ ጉዝጓዝ፣ በሼሁ ቤት ባልዲና በወንፊቱ ላይ በቀረው ሻካራ ይሄዳል። ከሰኔ በፊት ክዳን ያስፈልገዋል። የሰፈሩ ቆርቆሮ ሠሪ ዝገት የበላው አሮጌ ቆርቆሮ አለኝ ብሎኛል፤ ዋጋው ላይ አልተስማማንም፣ ቅዳሜ እንደገና እሄዳለሁ።